ለቤት ኮምፒውተር ፀረ ቫይረስ በእርግጥ ያስፈልጋል?

መምህርት ከደብረ ማርቆስ (ጠያቂ)
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቤታችን ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ ላፕቶፕ ብቻ ሲሆን፣ ከ6 ዓመት በፊት የተገዛ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበትና 4 ጊጋ ባይት ራም ያለው ነው። እኔ ፈተናና የትምህርት ማስታወሻ አዘጋጅበታለሁ፤ ባለቤቴ የዕድራችንን ሒሳብ ይይዝበታል፤ ታላቋ ልጃችን ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምታጠናባቸው ጽሑፎችም በሙሉ ያሉት በእሱ ላይ ነው። የልጆቻችን ፎቶግራፍ ከክርስትናቸው ጀምሮ የተቀመጠው እዚያው ነው።

ባለፈው ወር የክፍል ፈተና ለማባዛት ፍላሼን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ነበር። ማታ ተመልሼ ስሰካው ውስጡ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነው አገኘኋቸው። በማግስቱ ላፕቶፑን ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሠራተኛው ቀድሞ የነበረውን ነጻ ፀረ ቫይረስ ሳያነሣ፣ «ይሄ የሚከፈልበት ነው፤ ቁልፉን ግን እኔ ከፍቼልሻለሁ» ብሎ ሁለተኛ ጫነበትና 600 ብር አስከፈለኝ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ተነሥቶ አንድ የወርድ ጽሑፍ እስኪከፍት 7 እና 8 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ በየጊዜው በስተቀኝ ጥግ «ጥበቃዎ ሊያበቃ ነው» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ፍላሹ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

የሥራ ባልደረቦቼን ሳማክር ምክራቸው ለየቅል ሆነብኝ። አንዱ መምህር «ቤት ውስጥ ለምትጠቀሚበት ኮምፒውተር ፀረ ቫይረስ ምን ያደርግልሻል፤ ሁሉንም አጥፊው» ይለኛል። ሌላዋ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለኝ በዶላር ትክክለኛውን እንዲገዛልኝ ትመክረኛለች። ቫይረሱን የሚሠሩት ራሳቸው ፀረ ቫይረስ ሻጮቹ ናቸው ብሎ የሚምል ባልደረባም አለ። እኔ የምፈልገው ሥራውን ከሚያውቅ ሰው እውነቱን መስማት ነው። እንደኔ ላለ የቤት ተጠቃሚ ፀረ ቫይረስ በእርግጥ ያስፈልጋል? የሚያስፈልግ ከሆነስ ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል? ዊንዶውስ 10 ድጋፉ አብቅቷል ሲባል ስለሰማሁ፣ ይህም ነገሩን የሚለውጠው እንደሆነ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የጥገና ሰው (አዲስ አበባ)
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ መምህርት፣ ጥበቃ ያስፈልግዎታል። የሚያስፈልግዎት ጥበቃ ግን ላፕቶፑን ከገዙበት ቀን ጀምሮ ውስጡ ያለ ነው፤ በላዩ የተጫኑት ሁለቱ ፕሮግራሞች ከሥራ ውጭ አድርገውታል። በ14 ዓመት የጥገና ሥራዬ ይኸው ታሪክ ያለበት ማሽን ሳይመጣልኝ ያለፈ ወር አላስታውስም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ባስረዳዎት አይቀየሙኝ።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ኮምፒውተሩ የራሱ ፀረ ቫይረስ አልነበረውም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ አንድ ትንሽ ኩባንያ ገዝቶ ዲፌንደር የተባለውን ቢጀምርም፣ ያ የመጀመሪያው ዲፌንደር የስለላ ፕሮግራሞችን ብቻ የሚያድን ነበር። ሙሉ ፀረ ቫይረስ የሆነውና ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ነው። እኛ የጥገና ሰዎች ሙያውን የተማርነው አብዛኞቻችን ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ ፎርማት አድርጎ፣ ድራይቨር ጭኖ፣ ኦፊስ ጨምሮ፣ በመጨረሻ ፀረ ቫይረስ ማስገባት እጃችን ላይ የቀረ ልማድ ሆነ። ደንበኛውም ፀረ ቫይረስ ሳይጫንለት ከወጣ የተጭበረበረ ይመስለዋል። ጥገና ቤቱ በክፋት እንዳላደረገው እገምታለሁ፤ ያደረገው ግን ስሕተት ነው።

ፀረ ቫይረስ አንድ ፋይል ሊከፈት ሲል በመሐል ገብቶ ያየዋል። መጀመሪያ ከሚታወቁ ተንኮለኛ ፋይሎች መዝገብ ጋር ያስተያየዋል፤ እዚያ ካላገኘው ጠባዩን ይመረምራል፤ ከተጠራጠረና ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ወደ ኩባንያው ማእከል ልኮ ይጠይቃል። አሁን ይህንን ሥራ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ያስቡት። አንዱ ለመመርመር የከፈተውን ፋይል ሌላው «ማን ከፈተው» ብሎ እንደገና ይመረምረዋል፤ አንዱ ይዞ ያሰረውን ቫይረስ ሌላው አገኘሁ ብሎ ይጮኻል። 4 ጊጋ ባይት ራምና የሚሽከረከር የቆየ ሃርድ ዲስክ ባለው ማሽን ላይ ይህ ሲሆን፣ የሚነግሩን 7 እና 8 ደቂቃ ምንም አያስገርምም። ዲፌንደር በበኩሉ ሌላ ፀረ ቫይረስ መጫኑን ሲያውቅ በራሱ ፈቃድ ወደ ኋላ ይላል፤ የተሠራውም እንደዚያ እንዲሆን ነው።

«ቁልፉን እኔ ከፍቼልሻለሁ» የተባለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ፀረ ቫይረስ በኮምፒውተሩ ውስጥ ከፍተኛውን ሥልጣን የያዘ ፕሮግራም ነው፤ እያንዳንዱን ፋይል ያነባል፣ ያግዳል፣ ይሰርዛል። በክራክ የተከፈተ ፀረ ቫይረስ ማለት አንድ የማናውቀው ሰው መጀመሪያ የዚህን ዘበኛ ራስን የመከላከል አቅም ሰብሮ ከዚያ ለእኛ የሰጠን ማለት ነው። ምን እንደጨመረበት የሚያውቅ የለም። የተሰረቀው ቁልፍ በኩባንያው ሲዘጋም ማሻሻያው ይቆማል፤ የመዝገቡ ማሻሻያ የቆመበት ፀረ ቫይረስ አዲስ የሚመጣውን አያውቅም።

ሻጮቹ ራሳቸው ቫይረስ ይሠራሉ የሚለው ወሬ እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊትም ነበረ። ዛሬ ቫይረስ የሚሠራ ሰው ገቢው የታወቀ ነው፤ ፋይል ቆልፎ ቤዛ ይጠይቃል፣ የይለፍ ቃል ሰርቆ ይሸጣል፣ በሰው ኮምፒውተር ላይ ክሪፕቶ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ያመርታል። ይህን ያህል ገበያ ያለው ሰው የፀረ ቫይረስ ሻጭ ደመወዝ አያስፈልገውም።

ወደ ፍላሽዎ ልምጣ። ፋይሎችዎ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ፍላሹን «ይህን ያህል ቦታ ተይዟል» የሚለውን ቢያዩ ልክ እንደ በፊቱ ሞልቶ ያገኙታል፤ እያንዳንዱ ሾርትከት ግን ከ1 እና 2 ኪሎ ባይት አይበልጥም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች እንዲመስሉ ምልክት አድርጎባቸው ከዓይን ይሰውራል፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ሁሉንም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። እርስዎ «የ10ኛ ክፍል ፈተና» የሚለውን ሲጫኑ ሾርትከቱ መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሣል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትልዎታል። ፈተናዎ ስለተከፈተ ምንም የተለወጠ አይመስልዎትም፤ ላፕቶፑ ግን በዚያች ቅጽበት ተይዟል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ እንደዚሁ ያደርጋል። ፎቶ ኮፒ ቤቶች በቀን ስንትና ስንት ፍላሽ እንደሚሰኩ ያውቃሉ።

ስለዚህ ሁለቱንም ፀረ ቫይረሶች ያንሡ። ከመቆጣጠሪያው (ከኮንትሮል ፓነል) ከተነሡ በኋላ ቅሪት የሚተዉ ስላሉ፣ እያንዳንዱ ኩባንያ በድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚሰጠውን የማስወገጃ መሣሪያ መጠቀም ይሻላል። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያስነሡት ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ይክፈቱና የቫይረስ ጥበቃው አረንጓዴ ምልክት ማሳየቱን ይዩ። ከዚያ ከመስመር ውጭ ምርመራ የሚለውን ያዝዙት፤ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚመረምር፣ የተደበቀው ቫይረስ ለመከላከል ዕድል አያገኝም። ፍላሹን ከዚያ በፊት አይስኩት።

የወሎ ልጅ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

የጥገና ሰው ያሉት በሙሉ ትክክል ነው፤ እኔ ከደረሰብኝ አንድ ነገር ልጨምር። ፀረ ቫይረስ አያስፈልግም የሚለውን ባልደረባዎን እንዳይሰሙ የምለምንዎት ስለዚህ ነው።

ከ3 ዓመት በፊት የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ ራሴ ለማቀናበር ፈለግሁና አንድ የሚከፈልበት ፕሮግራም ክራኩን አወረድኩ። አብሮት በመጣው ጽሑፍ ላይ «ከመክፈትዎ በፊት ፀረ ቫይረስዎን ያጥፉ፤ ማስጠንቀቂያው የተሳሳተ ነው» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ዲፌንደር ፋይሉን ያዘው። እኔ በገዛ እጄ ዲፌንደርን አጥፍቼ ፋይሉን ከታሰረበት ፈታሁት። በወቅቱ ይህን ማድረጌ ሞኝነት አልመሰለኝም፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ዊንዶውስ የሚከፍቱ አክቲቬተሮችን ስጠቀም ፀረ ቫይረሱ ሁልጊዜ ይጮኽ ነበር፣ እኔም ሁልጊዜ አጥፍቼው አልፍ ነበር፣ ምንም ሲሆንም አላየሁም። ብዙዎቻችን ማስጠንቀቂያውን አለማመን የተማርነው እንደዚህ ነው።

ፕሮግራሙ አልከፈተም። ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ የፎቶግራፎቹ ትንንሽ ምስሎች እየጠፉ ነጭ ወረቀት ሲመስሉ አየሁ። የእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው 4 ፊደላት ተጨምረዋል። በየፎልደሩ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፤ ዋጋው 980 ዶላር መሆኑንና በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገርኳቸው በግማሽ፣ በ490 ዶላር እንደሚፈቱልኝ ይናገራል። ኋላ ሳጣራ ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ መሆኑን ተረዳሁ። ይህ ዓይነቱ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን አያሳድድም፤ በክራክ ውስጥ ተሸሽጎ የሚመጣው እንደኛ ያለውን የቤት ተጠቃሚ ፍለጋ ነው።

ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ለዚህ ቫይረስ ነጻ መፍቻ አውጥቷል፤ የሚሠራው ግን ለሁሉም አይደለም። ቫይረሱ ሥራውን ሲጀምር ከጌቶቹ ማእከል ጋር መገናኘት ካልቻለ ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት የሆነ ቁልፍ ይጠቀማል፤ ያ ቁልፍ ከታወቀ ፋይሉ ይፈታል። ከተገናኘ ግን ለእርስዎ ብቻ የሆነ ቁልፍ ይሰጠዋል፣ ያንን የያዙት እነርሱ ብቻ ናቸው። የእኔ ኮምፒውተር በዚያ ምሽት ኢንተርኔት ነበረው።

ከተቆለፉት መካከል አባቴ ከማረፉ ከሁለት ወር በፊት በፋሲካ ዕለት ሁላችንንም አሰልፎ ሲመርቀን የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። ሌላ ቦታ አልተቀመጠም። ፋይሉ ዛሬም አለኝ፤ መጠኑ እንዳለ ነው፣ አይከፈትም። እናቴ አሁንም አልፎ አልፎ «ያ ነገር አልተሠራም?» ብላ ትጠይቀኛለች።

እህቴ፣ የልጆችዎ ፎቶግራፍ ከክርስትናቸው ጀምሮ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው ያሉትን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። ለፀረ ቫይረስ ሊያወጡት ያሰቡት ገንዘብ ካለ በእሱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይግዙና ፎቶዎቹን ገልብጠው ከላፕቶፑ ነቅለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ። እንደተሰካ የሚውል ዲስክ ከሌላው ጋር አብሮ ይቆለፋል።

እህታችሁ ከቨርጂኒያ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውጭ አገር ያለ ዘመድ በዶላር ይግዛልዎት ስለተባለው ነው የምጽፈው፤ እኔ እንደዚያ የምገዛ ዘመድ ነበርኩና።

የ71 ዓመት እናቴ አብራኝ ትኖራለች፤ በላፕቶፕዋ ስብከትና ዜና ትከታተላለች። በየዓመቱ የሚከፈልበት ፀረ ቫይረስ ገዝቼ ጭኜላት ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ቅናሽ ሆኖ በሁለተኛው ዓመት ሳልጠየቅ ከካርዴ ላይ እጥፍ ተቆረጠ። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ስክሪኗን የሞላ ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣባት፤ ኮምፒውተሯ እንደተያዘ የሚናገር ድምፅ ያሰማል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለው። ደወለች። ያነሣው ሰው የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነኝ ብሎ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተሯን የሚያዝበትን ፕሮግራም አስጫናት፤ ከዚያ ለ«ጥገናው» የስጦታ ካርድ ገዝታ ቁጥሩን እንድታነብለት ጠየቃት። የ400 ዶላር ካርድ ገዝታ ቁጥሩን ካነበበችለት በኋላ ነው የደወለችልኝ። ገንዘቡ አልተመለሰም። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነኝ ለሳምንታት ያንን ኮምፒውተር መንካት መፍራቷ ነው።

የተከፈለበት ፀረ ቫይረስ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራ ላይ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተናገረም። የሚናገረውም ነገር አልነበረውም፤ ማስጠንቀቂያው ተራ ድረ ገጽ ነው፣ ከሩቅ ማዘዣውም ሕጋዊ ፕሮግራም ነው። በዚህ አገር በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሏችሁ ወገኖች እባካችሁ ይህን ንገሯቸው፦ የማይክሮሶፍት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይኖረውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የኮምፒውተሩን ማጥፊያ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ ይበቃል።

ነጻዎቹም ቢሆኑ ዋጋ አላቸው። አቫስት የተባለው ታዋቂ ፀረ ቫይረስ ተጠቃሚዎቹ የጎበኟቸውን ድረ ገጾች መረጃ ጃምፕሾት በሚባል እህት ኩባንያው በኩል ሲሸጥ ቆይቶ፣ ነገሩ ሲጋለጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ያንን ኩባንያ ዘግቶታል፤ በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። እኔ አሁን ለእናቴ ያለው ዲፌንደር ብቻ ነው።

የኔትወርክ ሠራተኛ (ሐዋሳ)
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከጥገና ሰው ጋር በአንድ ነጥብ አልስማማም፤ ጉዳዩ ለብዙ ሰው ስለሚሆን በዝምታ ማለፍ አልፈለግሁም። ዲፌንደር ጥሩ የሆነው በአብዛኛው ከማይክሮሶፍት ማእከል ጋር በኢንተርኔት እየተነጋገረ ስለሚሠራ ነው። ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የተባለው የኦስትሪያ የሙከራ ተቋም ፀረ ቫይረሶችን ኢንተርኔት ኖሮና ሳይኖር ለየብቻ ይፈትናል፤ የማይክሮሶፍቱ ውጤት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጉልህ በሆነ መጠን ዝቅ ሲል ታይቷል። ያለማቋረጥ መስመር ላይ ላለ ሰው ይህ ምንም አይደለም። መምህርቷ ግን፣ እንደ አብዛኞቻችን፣ ከስልክ ላይ ዳታ እያጋሩ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚገናኙ ይመስለኛል፤ ቫይረሱ ደግሞ የሚመጣባቸው በፍላሽ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት፣ የ3 ሳምንት መዝገብ ይዞ የተቀመጠ ዲፌንደር ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣውን ፍላሽ ብቻውን ይጋፈጣል ማለት ነው።

ስለዚህ እንደዚህ ላለ ተጠቃሚ ያለ ኢንተርኔትም በደንብ የሚይዝ፣ ከታወቀ ኩባንያ የተገኘ፣ ክራክ ያልሆነ አንድ ነጻ ፀረ ቫይረስ መጠቀም ስሕተት አይደለም እላለሁ። አንድ ብቻ መሆኑ ግን ግዴታ ነው።

የጥገና ሰው (አዲስ አበባ)
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ለጥያቄው ስመልስ የአዲስ አበባን ደንበኞቼን እያሰብኩ ነበር። ሆኖም ሌላ ፀረ ቫይረስ ከመጫን በፊት የሚሞከር ነገር አለ። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ሙሉ የቫይረስ መዝገብ ራሱን በቻለ አንድ ፋይል በነጻ ያወጣል፤ «ኤምፓም ኤፍኢ» የሚል ስም አለው፣ መጠኑም ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ነው። ዋይፋይ ባለበት ቦታ አንድ ሰው አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ቢያመጣላቸው፣ ፋይሉን ከፍተው ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። እኔ በየሳምንቱ ሰኞ አውርጄ ለሚመጡ ደንበኞች ሁሉ እጭነዋለሁ። የ64 ቢት ወይም የ32 ቢት መሆኑን አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል።

ስለ ዊንዶውስ 10 የጠየቁትን ባለፈው ሳልመልስ አለፍኩ፤ ከፀረ ቫይረሱ ጥያቄ የሚከብደው እሱ ነው። ድጋፉ ያበቃው ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የዲፌንደር የቫይረስ መዝገብ እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 2028 ድረስ መታደሱ እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል፤ ስለዚህ ዘበኛው ሥራ ላይ ነው። የቤቱ ግድግዳ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ግን ከእንግዲህ በነባሪው መንገድ አይመጣም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሣውን ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ማስታወስ ይበቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 150 ያህል አገሮች ደረሰ፣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕሙማንን አስመለሰ። ማንም ምንም ፋይል እስኪከፍት አልጠበቀም፤ በኔትወርክ በኩል፣ ዊንዶውስ ፋይል በሚያጋራበት ክፍል ባለ ስንጥቅ ራሱ ገባ። ማይክሮሶፍት ያንን ስንጥቅ የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ግን መጋቢት 5 ቀን፣ 2 ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ያንን ማሻሻያ የጫነ ኮምፒውተር በዚያ መንገድ አልተነካም።

የእርስዎ ላፕቶፕ በዕድሜው ምክንያት ዊንዶውስ 11ን ላይቀበል ይችላል። በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ለተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ የመመዝገቢያ መስመር ከታየዎት ይመዝገቡ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው የኮምፒውተሩን ቅንብር ወደ አካውንቱ እንዲገለብጥ ከፈቀዱ ያለ ክፍያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ማሻሻያው ይደርስዎታል። ዳታ ይበላል ብለው አፕዴቱን እንዲዘጉ የሚመክርዎት ሰው ይኖራል። ዳታ መብላቱ እውነት ነው፤ በወር አንድ ጊዜ፣ በሌሊት ጥቅል ወይም በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ማውረድ ይቻላል።

የወሎ ልጅ፣ ስለ አባትዎ ነፍስ ይማር። የተቆለፈውን ፋይል እንዳይሰርዙት፤ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠው ከነቤዛ ማስታወቂያው ያስቀምጡት። የእነዚህ ሰዎች ማእከል በፖሊስ ሲያዝ ቁልፎች የተገኙባቸው ጊዜያት አሉ።

መምህርት ከደብረ ማርቆስ (ጠያቂ)
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁለቱንም ፀረ ቫይረሶች አነሣሁ፤ በክራክ የተከፈተው በቀላሉ እሺ ስላላለ የኩባንያውን ማስወገጃ ማውረድ ነበረብኝ። ዲፌንደር ከመስመር ውጭ ሲመረምር 25 ደቂቃ ያህል ወሰደ፤ ሲጨርስ አንድ የስክሪፕት ፋይልና ጥገና ቤቱ ጋር የተጫነውን አክቲቬተር ይዞ አሳየኝ። ላፕቶፑ አሁን 2 ደቂቃ ሳይሞላው ይነሣል። የፍላሹን የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ሳደርግ በእርግጥም ስም የሌለው ፎልደር ብቅ አለ፤ ፈተናዎቼ በሙሉ ውስጡ ነበሩ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ስታይ ስለነበር፣ አሁን ቤት ውስጥ ማንም ሰው ቀስት ያለበት ነገር እንዳይጫን እሷ ነች የምትቆጣጠረው።

የወሎ ልጅ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩለት። በማግስቱ የ500 ጊጋ ባይት ያገለገለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ፤ ፎቶግራፎቹንና የዕድሩን ሒሳብ ገልብጠን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠነዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በቀጣዩ ሳምንት ሌላ ፈተና ማባዛት አለብኝ፤ ወደዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሄደው። እንዴት ብወስደው ይሻላል?

የጥገና ሰው (አዲስ አበባ)
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኅትመት ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ፍላሽ ይለዩ። ፈተናውን ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ያንን አንድ ፋይል ብቻ ያስገቡበት፤ ወርድ ፋይሉ ቤት ይቅር። አባዝተው ሲመለሱ ፍላሹን ቢሰኩት፣ መሰካቱ ብቻውን አይጎዳዎትም፤ ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ፍላሽ ውስጥ ያለን ፕሮግራም በራሱ አያስነሣም። ውስጡን ግን አይክፈቱት፤ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፎርማት ያድርጉት። የሚመልሱት ነገር ስለሌለ የሚያጡትም የለም።

ፈተና ስለሆነ ደግሞ ሠራተኛው ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት አጠገቡ ቆመው ሲሰርዘው ይዩ፤ ከቆሻሻ መጣያውም ጭምር።